የባሕርና የኩሬ ሽሪምፕን የአንጀት ባክቴሪያዎች እንዴት ማነጻጸር ይቻላል?

ሽሪምፕ፣ በውሃ ውስጥ የሚኖረው ባለቅርፊት ትንሽ እንስሳ፣ እንደ ሰውና እንደ ከብት አንቲቦዲ (በሽታ አምጪን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) የሚያመርት የመከላከያ ሥርዓት የለውም። ስለዚህ በአንጀቱ ውስጥ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች ምግብን በማላም ከሚሰጡት እገዛ በተጨማሪ፣ ቦታውንና ምግቡን ቀድመው በመያዝ በሽታ አምጪዎች እንዳይሰፍሩ ያግዛሉ። በሽታ አምጪው ቦታውን ሲይዝ ምን እንደሚከተል የእስያ አርቢዎች በሚገባ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በቻይና፣ ከዚያም በቬትናም፣ በማሌዥያና በታይላንድ፣ ወደ ኩሬ ከገቡ አንድ ወር ገደማ ብቻ የሆናቸው የሽሪምፕ ጫጩቶች በጅምላ ማለቅ ጀመሩ። በ2013 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ በዶናልድ ላይትነር የተመራው ቡድን መንስኤው በሽሪምፑ ጨጓራ ውስጥ ተራብቶ መርዝ የሚያመነጭ ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ የተባለው ባክቴሪያ ዓይነት መሆኑን አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ በባሕር ያደገው ሽሪምፕ በአንጀቱ ይዞት በኩሬ የረባው ያጣው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ሲደክሙ ቆይተዋል።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ንጽጽር እንዴት እንደሚሠራ፣ በተለይም ባሕር በሌለበት አገር፣ በመሀል አዲስ አበባ አራት ኪሎ ተቀምጦ ሥራውን ከየት መጀመር እንደሚቻል ያስረዳል። ብዙ ሰው ጉዳዩን ሲሰማ ሐሳቡ በቀጥታ ዲኤንኤ ወደሚያነበው መሣሪያ ይሄዳል። በእኔ እምነት ግን ንጽጽሩ የሚቃናውም የሚበላሸውም መሣሪያው ከመነካቱ በፊት ነው፤ ለዚህም ነው ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ማብራሪያ በናሙና አመራረጥና አወሳሰድ ላይ ያተኮረው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውንም አንጀቱንም ማጥበብ

"የባሕሩና የኩሬው ልዩነት ምንድን ነው?" የሚለው ጥያቄ ለጨዋታ ይበቃ ይሆናል እንጂ ለሥራ አይበቃም። ከባሕር የተያዘ ሽሪምፕና በኩሬ የረባ ሽሪምፕ የሚለያዩት በአንድ ነገር አይደለም። የሚበሉት ይለያያል፤ የባሕሩ ትላትልን፣ ደቃቅ ነፍሳትን፣ አልጌንና የበሰበሰ ቅሪትን እየለቀመ ሲበላ የኩሬው በፋብሪካ የተዘጋጀ ባለብዙ ፕሮቲን መኖ ይሰጠዋል። የውሃው ጨዋማነትና ንጽሕና፣ የሚኖሩበት ጥግግት፣ የሚሰጣቸው መድኃኒት፣ የወላጆቻቸው የዘር ሐረግም እንዲሁ ይለያያል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከእነዚህ መካከል የትኛውን መለየት እንደሚፈለግ፣ የትኞቹን ደግሞ እኩል ማድረግ እንደሚቻል በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ማስቀመጥ ይገባል።

ቀጥሎ የሚወሰነው የትኛው የአንጀት ክፍል እንደሚወሰድ ነው። የሽሪምፕ የምግብ ቱቦ ሦስት ክፍል አለው፤ የፊተኛው ጨጓራውን የያዘው ነው፣ መካከለኛው በጀርባው በኩል እስከ ስድስተኛው የሆድ ክፍል የሚዘልቀው ነው፣ የኋለኛው ደግሞ ወደ መውጫው የሚያደርሰው አጭሩ ነው። የፊተኛውና የኋለኛው ክፍል ውስጠኛ ግድግዳ ልክ እንደ ውጭኛው ቅርፊት በካይቲን (ቅርፊቱ በተሠራበት ጠንካራ ንጥረ ነገር) የተሸፈነ ሲሆን፣ ሽሪምፑ ቅርፊቱን በሚጥልበት ጊዜ ይህም ሽፋን ተለጣፊ ባክቴሪያዎቹን እንደያዘ አብሮ ይወልቃል። መካከለኛው አንጀት ግን ይህ ሽፋን የለውም። ለጀማሪ የምመክረው መካከለኛውን ክፍል ብቻ መውሰድ ነው፤ ጨጓራውና ጉበትንም ቆሽትንም ተክቶ የሚሠራው እጢ የራሳቸው የተለየ የባክቴሪያ ስብስብ ስላላቸው ከአንጀቱ ጋር ተደባልቀው ሲፈጩ ውጤቱ የማንም አይሆንም።

ደረጃ 2፦ የሚነጻጸሩትን አቻ ማድረግ

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። በዓለም ላይ በብዛት የሚረባው ነጭ እግር ሽሪምፕ ነው፤ የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ባወጣው አኃዝ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 የተመረተው መጠን ወደ 6.8 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል። ይህ ዝርያ በተፈጥሮ የሚገኘው ከሜክሲኮ እስከ ፔሩ ባለው የፓስፊክ ዳርቻ ሲሆን፣ በብዛት ከሚረባባቸው አገሮች መካከል ቻይና፣ ሕንድ፣ ቬትናምና ኢንዶኔዥያ ግን በእስያ ናቸው። በመሆኑም አንድ ሰው ከቬትናም ኩሬ ነጭ እግር ሽሪምፕ፣ ከዚያው አገር ባሕር ደግሞ ጥቁር ነብር ሽሪምፕ ወስዶ ቢያነጻጽር ያነጻጸረው ሁለት ዝርያዎችን እንጂ ባሕርንና ኩሬን አይደለም። ለነጭ እግር ሽሪምፕ እንደ ኢኳዶር ያለ፣ ኩሬውም ባሕሩም ያንኑ ዝርያ የያዘ አገር ይመረጣል፤ በእስያ ከሆነ ደግሞ በተፈጥሮ እዚያው የሚገኘው ጥቁር ነብር ሽሪምፕ ለሁለቱም ወገን መወሰድ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታይላንድ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሥራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጎልማሳ የነብር ሽሪምፖችን ከሁለቱም ወገን ወስደው አነጻጸሩ፤ ፕሮቲዮባክቴሪያ የሚባለው ትልቅ የባክቴሪያ ክፍል በሁለቱም ዘንድ ተገኘ፤ ቪብሪዮና ፎቶባክቴሪየምም ከባሕርም ከእርባታም በመጡት በአብዛኞቹ ሽሪምፖች ውስጥ ነበሩ። ይህን ውጤት ልብ ማለት ይገባል፤ ቪብሪዮ ከኩሬ ጋር የመጣ እንግዳ ሳይሆን ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚኖር የሽሪምፕ አንጀት ነባር ነዋሪ ነው።

ዝርያው አንድ ከሆነ በኋላ መጠናቸው የተቀራረበ፣ በቅርፊት አጣጣል ዑደታቸውም በአንድ ደረጃ ላይ ያሉት ይመረጣሉ። ትንንሾቹ ሽሪምፖች በጥቂት ቀናት ልዩነት፣ ትልልቆቹ ደግሞ በሳምንታት ልዩነት ቅርፊታቸውን ይጥላሉ፤ ደረጃው የሚታወቀው የጅራት ማራገቢያውን ጠርዝ በማይክሮስኮፕ በማየት ነው። ቅርፊቱ ገና ለስላሳ የሆነውን መተው ይበጃል። የበላውንና የጾመውን መቀላቀልም አይገባም፤ ምግብ በሽሪምፕ አንጀት ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ስለሆነ፣ ከምግቡ ጋር የገቡት አላፊ ባክቴሪያዎች የበላው ውስጥ ይቆጠራሉ፣ የጾመው ውስጥ ግን አብዛኞቹ ወጥተዋል።

በጣም የተለመደው ጥፋት ከአንድ ኩሬ ብዙ ሽሪምፕ መውሰድ ነው። ከአንድ ኩሬ 30 ሽሪምፕ ቢወሰድ የኩሬዎቹ ቁጥር አሁንም 1 ነው፤ ሁሉም አንድ ውሃ ይጋራሉ፣ አንድ መኖ ይበላሉ፣ የሞተውን ጓደኛቸውንም ይበላሉ። ከ6 ኩሬ አምስት አምስት መውሰድ ከአንድ ኩሬ 30 ከመውሰድ እጅግ ይሻላል፤ የባሕሩም ወገን እንዲሁ ከተለያዩ የማስገሪያ ቦታዎች መምጣት አለበት። ከእያንዳንዱ ቦታ የውሃ፣ የደለልና የመኖ ናሙና አብሮ ካልተያዘ በአንጀቱ ውስጥ የተገኘው ባክቴሪያ እዚያው የሚኖር ይሁን ወይም ከጭቃው ጋር የተዋጠ ለመለየት መንገድ አይኖርም።

ደረጃ 3፦ አዲስ አበባ ላይ ምን መያዝ ይቻላል?

በመሀል ከተማ ሱፐርማርኬቶች የሚገኘው የቀዘቀዘ ሽሪምፕ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አብዛኛው ራሱ ተቆርጧል፣ ብዙ ጊዜም አንጀቱ ወጥቶ ታጥቧል፤ ያልወጣለትም ቢሆን ከተያዘ በኋላ እስኪቀዘቅዝ ባሉት ሰዓታት ውስጥ አንዳንዱ ባክቴሪያ ተራብቷል፣ ሌላው ሞቷል፣ በማሸጊያ ፋብሪካው ውስጥም አዲስ ተጨምሮበታል። ማሸጊያው ላይ ከባሕር የተያዘ ወይም የረባ ተብሎ ቢጻፍም ከየትኛው ኩሬ፣ በምን መኖ የሚለውን አይነግርም።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት መክፈል ይሻላል። እጅን የሚያሠለጥነው ክፍል በአገራችን ዓሣ፣ በቆሮሶ ይሠራል፤ የሽሪምፑ ንጽጽር ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ለሕዝብ ክፍት ባደረጉት መረጃ ይሠራል። ቆሮሶ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳና ከጫሞ ሐይቆች ይሰገራል፣ በሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል ደግሞ በኩሬ ያረባዋል። በከተማው ዓሣ መሸጫዎች የሚገኘው አብዛኛው የተዘረጠጠ ወይም ሥጋው ብቻ የተገፈፈ ስለሆነ ለመቅደድ ልምምድ ሆዱ ያልተከፈተ ሙሉ ዓሣ በቅድሚያ ማዘዝ ያስፈልጋል። ለእውነተኛ ንጽጽር ግን ናሙናው መወሰድ ያለበት ጀልባው እንደተመለሰ እዚያው ሐይቁ ዳር ነው፤ ዓሣው በመኪና አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ አንጀቱ ውስጥ ያለው ስብስብ ተለዋውጦ ይቆያል።

ልዩነቶቹንም አለመርሳት ነው። የሽሪምፕ አንጀት ቀጥ ያለ አጭር ቱቦ ሲሆን የቆሮሶ ግን ከአካሉ ርዝመት ብዙ እጥፍ የሆነ ጥቅልል ነው፤ ስለዚህ ከየትኛው ቦታ ላይ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደተቆረጠ በማስመሪያ ለክቶ መመዝገብ ግድ ይላል። በቆሮሶ አንጀት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቫይታሚን ቢ12 የሚያመርተው ሴቶባክቴሪየም ነው፤ ይህ ባክቴሪያ ኦክስጅን ባለበት በተራ የማሳደጊያ ሳህን ላይ አይበቅልም። በሳህን ላይ የበቀለውን ብቻ ቆጥሮ ስለ አንጀት መናገር የማይቻለውም እንዲህ ባሉት ምክንያት ነው።

ደረጃ 4፦ ዕቃ ማጽዳት፣ ከፍታውን እያሰቡ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ውሃም እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። መቀስና ጉጠትን ማፍላት የትም ቢሆን በቂ አይደለም፣ እዚህ ደግሞ ይባስ ይደክማል። ብዙ መመሪያዎች አውቶክሌቭን (በታመቀ እንፋሎት ዕቃን ከጀርም የሚያጸዳውን መሣሪያ) በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ግፊት ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ አቆዩ ይላሉ፤ ይህ ግን ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። በዚህ ምክንያት መለኪያው 15 ሲል በውስጡ ያለው ሙቀት 121 ሳይሆን 117 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 121 ለመድረስ ወደ 19 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። መሣሪያው ይህን እንደሚችል በላዩ ከተጻፈው የመጨረሻ ገደብ ሳያረጋግጡ ግፊቱን ፈጽሞ አይጨምሩ፤ የማይችል ከሆነ ጊዜውን ያርዝሙ። ከግፊት መለኪያው ይልቅ የሙቀት መለኪያውን ይመኑ።

አልኮል ባክቴሪያን ይገድላል እንጂ ዲኤንኤውን አያጠፋም። የምናነበው ደግሞ ዲኤንኤውን ነው። ስለዚህ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው ሲታለፍ ጉጠቱና መቀሱ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበርዞ በተዘጋጀ ውህድ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይነከራል፣ ከዚያም ከጀርም በጸዳ ውሃ በደንብ ይለቀለቃል። በረኪናን ከአልኮልም ሆነ ከአሲድ ጋር አይቀላቅሉ፤ አደገኛ ጋዝና መርዛማ ውህድ ይፈጥራል።

ደረጃ 5፦ መክፈትና አንጀቱን ማውጣት

ሽሪምፑ በመጀመሪያ በበረዶ ውሃ ውስጥ ይደነዝዛል፤ ይህ ሥቃዩንም ይቀንሳል፣ አንጀቱም ከመኮማተር ይድናል። ውጭው በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግና ከጀርም በጸዳ ውሃ ይታጠባል። የራሱና የደረቱ ሽፋን ካለቀበት ጀምሮ በጀርባው መሀል ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር ይታያል፤ ይህ ምግብ ያለበት መካከለኛ አንጀት ነው። የቀጭን መቀስ ጫፍ ወደ ላይ ቀና ተደርጎ፣ ከመስመሩ ትንሽ ወደ ጎን ራቅ ብሎ ቅርፊቱ ይቆረጣል፤ በመስመሩ ላይ በቀጥታ የቆረጠ ሰው አንጀቱን ይበሳዋል። ቁርጡ ከመጀመሪያው የሆድ ክፍል ተነሥቶ አምስተኛው ላይ ይቆማል፣ ምክንያቱም ስድስተኛው ውስጥ ባለካይቲኑ የኋላ አንጀት ይጀምራል። ሥጋው በሁለት ጉጠት ቀስ ተብሎ ሲገለጥ አንጀቱ እንደ ረጠበ ክር ተነጥሎ ይወጣል። ከፊት ለፊቱ ያለውን ቢጫማ ወይም ቡናማ እጢ እንዳይነካ ጫፉ ላይ ይቆረጥና በቀጥታ ወደ ቱቦው ይገባል። የፈረጠ ወይም የተበሳ ካለ መዝግበው ይተዉት። ጓንት በየእንስሳው መቀየር አለበት፤ እጅ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ደግሞ ይህን ሥራ ለሌላ ይተው፣ ቪብሪዮም ሆነ በዓሣ ላይ የሚገኘው ኤሮሞናስ በቁስል በኩል ሰውን ያጠቃል።

ደረጃ 6፦ ማቆየት

የተሻለው ማቆያ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ግን ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ናሙና ከባድ ጉዳት ስለሚደርስበት፣ 95 በመቶ ኤታኖል በናሙናው መጠን ቢያንስ አምስት እጥፍ ጨምሮ ማቆየት አስተማማኝ ነው፤ ሐይቅ ዳርም ሆነ ባሕር ዳር ይዞት ለመሄድ ይመቻል። ምን እንደተቀላቀለበት በውል የማይታወቅ ስፒሪት አይጠቀሙ። የባሕሩን ናሙና በኤታኖል፣ የኩሬውን በማቀዝቀዣ ማቆየት ግን አይቻልም፤ የሚገኘው ልዩነት የማቆያው ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 7፦ ዲኤንኤውን ማውጣትና ማስነበብ

አንጀቱ ከጥቃቅን ዶቃዎች ጋር በኃይል ተንጦ የባክቴሪያዎቹ ግድግዳ ይሰበራል፣ ዲኤንኤውም ተጣርቶ ይወጣል። ከዚያ 16ኤስ የሚባለው ጂን ብቻ በፒሲአር (የተመረጠን የዲኤንኤ ክፍል በሚያባዛ ዘዴ) ይባዛል። ይህ ጂን በሁሉም ባክቴሪያ ውስጥ አለ፤ ወደ 1,500 የሚጠጉ ፊደላት ሲኖሩት ከእነዚህ ውስጥ 9 ቦታዎች ከባክቴሪያ ባክቴሪያ ይለያያሉ፣ ማንነታቸውም የሚታወቀው በእነዚህ ነው። አብዛኞቹ ሥራዎች የሚያነቡት አራተኛውን፣ ወይም ሦስተኛውንና አራተኛውን በአንድነት ነው።

የአንድ ሽሪምፕ አንጀት በጣም ትንሽ ነገር ስለሆነ፣ ከማውጫ ኬሚካሎቹ ራሳቸው የሚመጣ የባክቴሪያ ዲኤንኤ ውጤቱን ሊበክል ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ምንም ያልገባበት ባዶ ቱቦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሠራል፣ ይነበባልም። በባዶው ቱቦ ውስጥ የተገኘ ባክቴሪያ በሽሪምፑ ውስጥም ቢገኝ በጥርጣሬ ይታያል። የባሕሮቹን ቱቦዎች ሰኞ፣ የኩሬዎቹን ማክሰኞ መሥራትም አይገባም፤ ተደባልቀው በአንድ ዙር ይሠሩ።

ለሽሪምፑ ክፍል በአሜሪካ ብሔራዊ የባዮቴክኖሎጂ መረጃ ማዕከል ክምችት ውስጥ ተመራማሪዎች ያስቀመጧቸውን የዲኤንኤ ንባቦች ማንም ሰው ያለ ክፍያ ማውረድ ይችላል። ፋይሎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ኢንተርኔት በሚፈጥንበት ሰዓት ቢያወርዷቸው ይቀላል። መተንተኛው ካይም 2 የተባለው ፕሮግራም ነጻ ነው፤ ባክቴሪያዎቹን በስም ለመለየት ደግሞ ሲልቫ የተባለው ክምችት ያገለግላል። አንዱ ጥናት አራተኛውን ቦታ፣ ሌላው ሦስተኛውንና አራተኛውን ያነበበ ከሆነ ግን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አታደባልቋቸው።

ደረጃ 8፦ ውጤቱን ማንበብ

በመጀመሪያ የክሎሮፕላስትና የማይቶኮንድሪያ (በአልጌና በእንስሳ ሕዋስ ውስጥ ያሉ፣ የራሳቸው ዲኤንኤ ያላቸው ክፍሎች) ንባቦች ይወጣሉ። የአልጌው ክሎሮፕላስት የራሱ 16ኤስ ስላለው፣ አልጌ የበላ ሽሪምፕ ይህ ካልተደረገለት የሌለ ባክቴሪያ ያለው ይመስላል።

ዋናው ጥንቃቄ መቶኛን በሚመለከት ነው። መሣሪያው የሚሰጠው ድርሻን እንጂ ብዛትን አይደለም። በአንድ የባሕር ሽሪምፕ አንጀት ውስጥ 1,000 ባክቴሪያ አለ እንበል፤ 200ዎቹ ቪብሪዮ፣ 800ዎቹ ሌሎች ናቸው፣ የቪብሪዮ ድርሻም 20 በመቶ ነው። በኩሬው ሽሪምፕ ውስጥ ሌሎቹ ወደ 200 ቢወርዱና ቪብሪዮ እዚያው 200 ላይ ቢቆይ፣ ድርሻው 50 በመቶ ሆኖ ይነበባል። አንድም ቪብሪዮ ሳይጨምር ሠንጠረዡ ከእጥፍ በላይ እንደጨመረ ያሳያል። ትክክለኛውን ብዛት ለማወቅ መጠን የሚለካ ፒሲአር ለብቻው መሠራት አለበት፤ እርሱ ካልተሠራ "ቪብሪዮ በዛ" ሳይሆን "የቪብሪዮ ድርሻ ጨመረ" ተብሎ ይጻፋል።

የዓይነት ብዛትን በተመለከተ የባሕሩ ሽሪምፕ ሁልጊዜ ይበልጣል ብሎ መጀመር አይገባም፤ ጥናቶቹ በዚህ ላይ አንድ አይደሉም። በስብስቦቹ መካከል ያለው ልዩነት ብሬይ ከርቲስ በተባለው፣ ሁለት ስብስቦች ምን ያህል እንደሚለያዩ በሚያሳየው መለኪያ ሲሰላ ደግሞ ልዩነቱን የሚፈትነው ስሌት የትኛው ሽሪምፕ ከየትኛው ኩሬ እንደመጣ ማወቅ አለበት፤ ያለበለዚያ የአንድ ኩሬ ጠባይ የእርባታ ሁሉ ጠባይ ተደርጎ ይወጣል።

በመጨረሻም 16ኤስ የቤተሰቡን ስም ይነግራል እንጂ የግለሰቡን ጠባይ አይነግርም። የእስያን ኩሬዎች የጎዳው ባክቴሪያና ምንም ጉዳት የሌለው የአንድ ዝርያ ወንድሙ በዚህ ጂን አይለዩም። የሚለያቸው ፒርኤ እና ፒርቢ የተባሉት የመርዝ ጂኖች መኖር አለመኖራቸው ነው፤ ጂኖቹም የሚገኙት ወደ 70,000 ፊደላት ባሉት፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ሊተላለፍ በሚችል ፕላስሚድ (ከባክቴሪያው ዋና ዲኤንኤ የተለየ ትንሽ ዲኤንኤ) ላይ ነው። እንደ ቪብሪዮ ሃርቬያይና ቪብሪዮ ካምፕቤላይ ያሉ ሌሎች ዝርያዎችም ይዘውት ተገኝተዋል። ስለዚህ በኩሬው ሽሪምፕ ውስጥ ብዙ የቪብሪዮ ድርሻ ሲታይ፣ ከዚያው ዲኤንኤ ላይ ሁለቱን ጂኖች የሚፈልግ ፒሲአር ይሠራል፤ ጂኖቹ ካልተገኙ ኩሬው የዚህ በሽታ ተጠርጣሪ ነው ተብሎ በሪፖርቱ ውስጥ መጻፍ የለበትም።